ለእሳቱ የሚመጥን ሽቦ

ሰው ዓይኑን ሊታከም ሄዶ፣ ከሐኪሙ ይልቅ የእህቱን ልጅ ሲፈራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሸክላ ሠሪውን ባለእቶን በዚያ ማለዳ የገጠማቸው ይኸው ነው። ከዓይን ሐኪሙ ክፍል ወጥተው፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ በኮሪደሩ ጫፍ ያለውን አግዳሚ ወንበር ፍለጋ ሲያዘግሙ፣ ከመድኃኒት ክፍሉ በር ላይ አንድ ድምፅ ጠራቸው።

"ጋሼ! እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

ድምፁን ወዲያው ለዩት። የሟች እህታቸው ልጅ ናት፤ በትምህርቷ ገፍታ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረች የሙቀት መለኪያ የምትፈትሽ ባለሙያ ሆናለች። የዚያን ዕለት የመጣችው የክሊኒኩን የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ልትፈትሽ ነበር።

"ሰው ልጠይቅ መጥቼ ነው" አሉ ፈጠን ብለው።

"ዓይንዎስ ምን ሆኖ ያለቅሳል?"

"አቧራ ገብቶበት ነዋ! ሸክላ ሠሪ አቧራ ብርቁ ነው?"

ሐኪሙ የጨመረላቸው ጠብታ ብሌናቸውን አስፍቶት፣ የልጅቱ ፊት እንኳ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ተቀላቅሎባቸው ነበር። በእጃቸው ያጠፉት ወረቀት ላይ የተጻፈውን ግን ሳያዩትም ያውቁታል። የግራ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ቀኙንም ጀምሮታል። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ ይህ ዘመን ሙሉ እሳት በማየት የመጣ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ተመልሰው ሞራው ይውጣ፤ ከዚያ ወዲያም ዓይንዎ እሳት እንዳያይ፤ ከዘገዩ ግን ቃል አልገባልዎትም። እሳቸው የመለሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እቶኑን ታዲያ ማን ያይልኛል?"

አንባቢ ይህን መልስ ሞኝነት አድርጎ እንዳይወስደው። የእሳቸው እቶን ሳህንና ኩባያ፣ ጆግና የአበባ ማስቀመጫ የሚያወጣ፣ ሰባት ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው የሚተዳደሩበት እቶን ነው። ሸክላው እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር፣ በላዩ የተቀባውም ቅብ ቀልጦ እንደ መስታወት እስኪያብረቀርቅ ድረስ፣ በጋዝ እሳት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ዲግሪ መድረስ አለበት። ያንን ደግሞ በእቶኑ በር ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ አጮልቆ፣ ከእሳቱ ቀለም ለይቶ "በቃ!" የሚለው እሳቸው ብቻ ናቸው። በዚህም የተነሳ ሰፈሩ "ዓይናማው" ይላቸዋል። ዓይናማው ዓይናቸውን አጡ ቢባል ምን ይውጣቸዋል?

የእህታቸው ልጅ ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ወረቀቱን አይታዋለች፤ ግን ጨዋ ልጅ ናትና ያላየች መሰለች። ቦርሳዋን ስትከፍት ግን ባለእቶኑ የሽቦውን ኮሽታ ሰምተው ፊታቸውን አጨማደዱ።

"አሁንም ያንን ውሸታም ይዘሽ ነው የምትዞሪው?"

"የቱን ውሸታም?"

"ቴርሞካፕል የምትሉትን ነዋ! ከሦስት ዓመት በፊት ሰው ሰምቼ ገዛሁና እቶኔ ውስጥ ከተትኩት። ዘጠኝ መቶ ላይ ደረሰና ቆመ። እኔ እሳት ስጨምር እሱ ወደ ኋላ ይላል። 'መሣሪያ ከሰው ያውቃል' ብዬ ጋዙን ለቀቅኩት። በማግስቱ በሩን ስከፍት ሳህኑ ከሳህን ተጣብቆ፣ ጆጉ ጎንበስ ብሎ፣ የአንድ ወር ሥራ አንድ ክምር ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ! ከዚያ ወዲህ አላምንም። እባብ ያየ በልጥ በረየ በይኝ፤ ግድ የለኝም።"

"ከየት ነበር የገዙት?"

"ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ። ከዳቦ ቤት ምድጃ ላይ የተነቀለ ነው አለኝ። ብዙ ዓይነት ዘርግቶ ነበር፤ እኔም እንደ ጣቴ የወፈረውን መረጥኩ። ወፍራም ነገር እሳት ይችላላ!"

ልጅቱ ሳቋን ዋጠችው። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ውሸታሙ ሽቦው አይደለም።"

"እኔ ነኝ በይኛ!"

"እርስዎም አይደሉም። አለቦታው መግባቱ ነው። ቴርሞካፕል ማለት እኮ ከተለያየ ብረት የተሠሩ ሁለት ሽቦዎች በአንድ ጫፋቸው ሲበየዱ ማለት ነው። ያ ጫፍ ሲሞቅ፣ ሌላው ዳር ቀዝቀዝ ሲል፣ በሽቦው ውስጥ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ከሽቦው ጋር የሚያያዘው መለኪያ ሣጥን ያንን ለክቶ በዲግሪ ይነግረናል። እንግዲህ ጥንዱ ከምን ከምን ብረት ነው የሚለው ነው ዓይነቱን የሚለየው። ይህን አሁን ከማቀዝቀዣው ያወጣሁትን 'ቲ' ይሉታል፤ አንዱ መዳብ ነው። ለበረዶና ለቅዝቃዜ የታመነ ነው፤ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዲግሪ በላይ ግን አይላኩት። እርስዎ የገዙት የዳቦ ቤቱ 'ጄ' ይባላል፤ አንዱ ጎኑ ተራ ብረት ነው። ለዳቦ ይበቃል፤ ሰባት መቶ ሃምሳ ካለፈ ግን ብረቱ ይበላል። እየተበላ ይናገራል፤ እየተናገረ ይሳሳታል።"

"ወፍራም ነበር እያልኩሽ!"

"ውፍረቱ ዕድሜውን ትንሽ ያራዝም እንደሆነ ነው እንጂ ጠባዩን አይለውጥም። እስቲ እርስዎን ልጠይቅ፤ ከተራ ቀይ ጭቃ ወፍራም ኩባያ ቢሠሩና፣ ከነጩ ጭቃ ደግሞ ቀጭን ኩባያ ቢሠሩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ቢያቃጥሉ የቱ ይተርፋል?"

"ይሄ ጥያቄ ነው? ቀዩ ቢወፍርም ቀልጦ መደርደሪያዬን ያበላሻል። ቀጭኑ ነጭ ይተርፋል። ጭቃ የሚመረጠው ለእሳቱ ነው እንጂ ለ…"

 አርባ ዓመት ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩት የኖሩትን ነገር፣ ለሽቦ ሲሆን አንድም ቀን አስበውት አያውቁም። ቢሆንም ወዲያው እጅ የሚሰጥ ሽማግሌ የለም፤ ቢኖርም እሳቸው አይደሉም።

"ደህና ተናገርሽ። ግን ዓይን ያለው ሰው ሽቦ ምን ያደርግለታል?" አሉና ከወንበሩ ሲነሱ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን በእግራቸው ገፍተው ጣሉት።

ልጅቱ ቅርጫቱን አነሳች። ክንዳቸውን ይዛ እስከ ሥራ ቤታቸው ሸኘቻቸው።

ሥራ ቤቱ ረጅም አዳራሽ ነው። በአንድ ወገን መንኮራኩሮቹ፣ በሌላው ወገን እርጥብ ሸክላ የተደረደረበት ማድረቂያ ክፍል፣ በመጨረሻውም እቶኑ አለ። ከመስኮቱ ሥር የባለእቶኑ ሚስት ተቀምጠዋል፤ የቤቱ ቅብ ቀቢ እሳቸው ናቸው። ባላቸው በሰው ክንድ ተደግፈው ሲገቡ ብሩሹን አስቀመጡ።

"ምን ሆንክ?"

"አቧራ" አሉ ባለእቶኑ።

"እሰይ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አሉ ሚስትየው፣ በባላቸው እጅ ያለውን የሐኪም ወረቀት እያዩ፤ ከዚያም ለልጅቱ ወንበር ሳቡላት።

ልጅቱም ነገሯን ጀመረች። ከቦርሳዋ ሌላ ሽቦ አወጣች። "ይሄ 'ኬ' ይባላል፤ በኒኬል የተሠራ ነው። በብዙ ፋብሪካ የሚያገለግል፣ በየሱቁ የሚገኝ እሱ ነው። ለእርስዎ ያሰብኩት ይህን ነው።"

ባለእቶኑ ሽቦውን በጣታቸው ዳሰሱት። "እስከ ስንት ይችላል?"

"እስከ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ ተብሎ ተጽፎለታል።"

"እኛ የምናቃጥለው ስንት ላይ ነው?"

"ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ።"

"አሥር ዲግሪ ብቻ ተረፈው በይኛ! እኔ የምመዝነውን ያህል ብቻ የሚችል መሰላል ቢሰጡኝ፣ አንድ ቀን እወጣበት ይሆናል። በየሳምንቱ ውጣበት ብትይኝ ግን እንዴት ነው ነገሩ? ደግሞስ የኔ እሳት ንጹሕ አይደለም። ቅቡ ቀለሙን እንዲለውጥ ብዬ አንዳንዴ አየር እነሳዋለሁ፤ ይታፈናል። ያንን ጭስ ይወደዋል ይሄ ሽቦሽ?"

የተማረ ሰው ሲጠየቅ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ቃሉን ያበዛል፣ ወይ እውነቱን ይናገራል። ልጅቱ ትንሽ አቀረቀረች፤ ጆሮዋም ቀላ።

"አይወደውም፣ ጋሼ። አየር ባነሰው እሳት ውስጥ ይጎዳል። በዚያ ላይ ሁልጊዜ በችሎታው ጫፍ ላይ ከዋለ ያረጃል፤ ካረጀ ደግሞ ከእውነቱ እየቀነሰ ይናገራል። ዛሬ አምስት ዲግሪ፣ በወሩ አሥራ አምስት…"

"ማለት ያኛው በአንድ ቀን የዋሸኝን ይሄ በዓመት ይዋሸኛል!"

"አዎ።"

"ቀስ ብሎ የሚዋሽ ይብሳል፣ ልጄ። በደህና ቀን አምነሽዋልና።"

"እውነትዎን ነው። በየሱቁ ስለሚገኝና እጄ ላይ ስላለ ነው ያመጣሁት እንጂ፣ እሳትዎን ጠይቄ አልመረጥኩም። እርስዎ በውፍረቱ መረጡ፤ እኔ በልማድ መረጥኩ። ያው ነን።"

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ያሸነፉ ስለመሰላቸው ብቻ አይደለም፤ "ተሳሳትኩ" የሚል ምሁር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ነው። "እህቴ ደህና አድርጋ አሳድጋሻለች" አሏት። ልጅቱም በሳምንቱ፣ እቶኑ በሚነድበት ቀን፣ የሚሆነውን ይዛ እንደምትመጣ ቃል ገብታ ሄደች።

በሳምንቱ ቃሏን ጠብቃ ማለዳ መጣች። ያመጣችው ከመሥሪያ ቤቷ አስፈቅዳ የተዋሰችው 'ኤስ' የሚባለው ነበር። ፕላቲኒየም ከሚባለው የጌጥ ብረት የተሠራ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥንድ ሽቦ፣ በነጭ የሸክላ ቱቦ ውስጥ ተሸፍኗል።

"ይሄ ፀጉር ነው እሳቴን የሚችለው?" አሉ ባለእቶኑ።

"ለዓመታት አንድ ሺህ አራት መቶ ላይ ይውላል። እርስዎ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ቢወጡ እንኳ ገና ሰፊ ሜዳ አለው። ከጢስና ከአቧራ የሚጠብቀው ቱቦው ነው።"

ሽማግሌው ቱቦውን በጥፍራቸው መታ አደረጉት፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። "ይሄስ የኛው ዘመድ ነው" አሉ። ቢሆንም ቃላቸውን አልሰጡም። "ግቢና አስቀምጪው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን የምናገረው እኔ ነኝ።"

ልጅቱ ቱቦውን በእቶኑ ጎን አስገባች። እስከ ሣጥኑ የሚወስደውም ሽቦ ለዚያው ለ'ኤስ' የተሠራ እንዲሆን ተጠነቀቀች፤ ሣጥኑም የሚያነበው 'ኤስ'ን መሆኑን አስተካከለች። "አንዱን ረስተን ሌላውን ብንቀላቅል ደህናውን ሽቦ እኛው ውሸታም እናደርገዋለን" ስትል ሽማግሌው ሳይወዱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እሳቱ ተለኮሰ። ቀኑን ሙሉ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ባለእቶኑ ከቀዳዳዋ ላይ የሸክላ ውታፏን ነቅለው አጮለቁ። የግራው ዓይን ምንም አላሳያቸውም። በቀኙ አዩ፤ ነጭ ነው። ሁሉም ነጭ ነው።

"በቃ! ጋዙ ይዘጋ!"

"ጋሼ፣ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ነው። ስድሳ ዲግሪ ይቀረዋል።"

"በቃ ብያለሁ!"

"ቆይ፣ ቆይ፣ የበሩን መቀርቀሪያ ልይ" አሉ ሚስትየው ብድግ ብለው።

"አንቺ ደግሞ ባቃጠልኩ ቁጥር መቀርቀሪያ! እሳት በበቃ ቁጥር ወይ መቀርቀሪያ፣ ወይ ውኃ፣ ወይ መሐረብ! ምን ይሉት አመል ነው?"

ሚስትየው ረጅሙን የብረት ሜንጦ አንስተው፣ በቀዳዳዋ ትይዩ ተጎንብሰው፣ ዓይናቸውን አጥብበው እሳቱን እያዩ፣ ከውስጥ አንድ ትንሽ የሸክላ ቀለበት አወጡ። ለመፈተኛ ተብሎ ከሳህኖቹ ጋር የገባ ነው። በጡብ ላይ አቀዘቀዙትና በባላቸው መዳፍ ላይ አስቀመጡት።

"በአውራ ጣትህ ዳሰው።"

ባለእቶኑ ዳሰሱት። እንደ አሸዋ ሻከራቸው። ቅቡ አልቀለጠም።

 ሽማግሌው ቀለበቱን ደጋግመው አገላበጡት። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"ካለፈው ዓመት" አሉ ሚስትየው። "አንተ በቃ ስትል እኔ ምክንያት ፈጥሬ ቀለበት አወጣለሁ፤ ካልበሰለ አቆይሃለሁ። ባለፈው ወር እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ ያቃጠልከው እኮ ነው ጥሬ የወጣው። አንተ በጋዙ አሳበብክ። ምን ልበልህ? ሰፈሩ ዓይናማው የሚለውን ሰው እኔ ዕውር ልበለው? አንድ ዓይን ያላት ባፈር ትጫወታለች ሲባል ሰምቼ ነበር፤ አንተ ግን በእሳት መጫወት ጀመርክ።"

ባለእቶኑ የመለሱት በቁጣ አልነበረም። "እንግዲያ ያለ ሽቦም ይሆናል ማለት ነው። ዓይኔ ቢጠፋም ይጥፋ፤ አንቺ ቀለበት እያወጣሽ እንኖራለን።"

 ልጅቱ ቀስ ብላ፣ በአክብሮት ጠየቀቻቸው።

"ጋሼ፣ እትዬ ቀለበቱን የሚያወጡት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው?"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሚስታቸው መለሱ። በደበዘዘው ቀኝ ዓይናቸው የታያቸው የቀላ ጉንጭና የሚያነባ ዓይን ነው። ሚስታቸው በአንድ እሳት አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ አጮልቀዋል። ዓመት ሙሉ። የባላቸውን ነውር ለመሸፈን፣ ያንኑ እሳት፣ በዚያችው ቀዳዳ።

"ያምሻል እንዴ?" አሉ።

"ማታ ማታ ትንሽ ያቃጥለኛል። አቧራ ነው" አሉ ሚስትየው።

"አፈር ስሆን አቧራ አትበይ!" አሉ ባለእቶኑ፤ ሰው ሁሉ ሲያያቸው እንባቸው ወረደ። "ለኔ ዓይን ስትሉኝ እምቢ አልኩ፤ የኔ ነው ብዬ። የእሷ ግን የኔ አይደለም። ውሰጂው ልጄ፤ እሳቱን ለሽቦሽ ሰጥቼዋለሁ። ስንት ሆነ?"

"ሺህ ሁለት መቶ አምስት።"

"እንግዲህ ንገሪኝ፤ እኔ ወንበር ላይ ነኝ።"

ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲደርስ ጋዙ ተዘጋ። ያን ቀን የቀዳዳዋ ውታፍ ዳግም አልተነቀለም። በሦስተኛው ቀን በሩ ሲከፈት ከላይኛው መደርደሪያ እስከ ታችኛው አንድም የሻከረ፣ አንድም የጎበጠ ሳህን አልነበረም። አዲስ አማኝ ደግሞ ገደብ አያውቅምና ሽማግሌው "ለማድረቂያው ክፍልም ይሄንኑ 'ኤስ' አምጪልኝ!" ብለው ተነሱ።

"አይሆንም፣ ጋሼ" አለች ልጅቱ እየሳቀች። "ማድረቂያው ሰማንያ ዲግሪ ነው። 'ኤስ' በዚያ ሙቀት የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሊሰማ እስከማይችል ያንሾካሹካል። ለዚያ የማቀዝቀዣው 'ቲ' ይበቃል፤ ርካሽ ነው፤ ጥርት አድርጎም ይናገራል። ውድ ስለሆነ ብቻ ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም።"

"ወይ ጉድ! አሁን ደግሞ በውድነቱ ልመርጥ ነበር" አሉ ሽማግሌው፣ ጭናቸውን መታ አድርገው።

እነሆ፣ ሰው ሥራውን በሚያውቀው ልክ መሣሪያውንም ቢያውቅ ጥቅሙ ይህን ያህል ነው። አስቀድሞ ትልቁ ሙቀት ስንት እንደሆነ መጠየቅ፤ ከዚያ በላይ ሰፊ ሜዳ ያለውን ሽቦ መምረጥ፤ እሳቱ ንጹሕ ነው ወይስ የታፈነ ብሎ መመርመር፤ ትንሹም ሙቀት ትክክል እንዲሰማ ማሰብ። የራሱን 'ኤስ' በገዛው በዚያ ሥራ ቤት ዛሬ የእያንዳንዱ ሰዓት ሙቀት በግድግዳ ላይ ይጻፋል፤ ያለ ልክ የሚነድ ጋዝ የለም፤ ከሰባቱ ሠራተኞች አራቱ እቶኑን ማቃጠል ያውቃሉ፤ ልጅቱም በየስድስት ወሩ እየመጣች ሽቦውን ትፈትሻለች፤ ደህና ሽቦም ቢሆን ሳይጠየቅ አይታመንምና። ከሁሉም በላይ በዚያች ቀዳዳ የሚያጮልቅ የሰው ዓይን የለም።

ባለእቶኑም የሐኪሙ ሁለት ወር ሳያልቅ ሞራቸውን ሊያስወጡ ሄደው ተኙ። እቶኑ ያለ እሳቸው ሦስት ጊዜ ነደደ፤ ሦስቱም ደህና ወጣ። ፋሻው የተፈታ ዕለት የሥራ ቤቱ ሰዎች አዲስ የወጣ ሳህን ይዘው አልጋቸውን ከበቡ፤ ይዩልን ብለው። እሳቸው ግን ሳህኑን ገፋ አድርገው፣ የሚስታቸውን አገጭ ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። መጀመሪያ አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ረጋ ብለው መረመሩ። ደመና የለውም። ጥርት ያለ ነው። ተነፈሱ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ሚስታቸው ፀጉር ሄደና ደነገጡ።

"አንቺ! መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?"

"አንተ እሳቱን ስታይ" አሉ ሚስትየው።